አሮጌው ኮምፒዩተርና አዲሱ ማተሚያ መኪና እንዴት ይግባባሉ?

(በራዲዮ ከተነገሩት ንግግሮች)

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በየመሥሪያ ቤታችን ዘወትር ሲጠቀስ ይሰማል። አነጋገሩ እውነት ነው። ነገር ግን በዘመናችን አንድ ቃል ሳይጨመርበት ሙሉ አይሆንም። ይኸውም የተጻፈው ነገር ይወረስ ዘንድ ጽሑፉን ከተቀመጠበት ዕቃ አውጥቶ በዓይን የሚያሳይ መሣሪያ ያስፈልጋል። ብራና ለማንበብ ዓይንና ብርሃን ይበቃል፤ በማግኔት ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ግን የጻፈው መኪና ወይም የእርሱን ቋንቋ የሚያውቅ ሌላ መኪና መኖር አለበት።

ይህን ሐሳብ ያሳደረብኝ አንድ ቀን ያየሁት ነገር ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መጋዘን አሮጌ ንብረት ሲቆጠር ተገኝቼ ሳለሁ በካርቶን የታጨቁ ፍሎፒ ዲስኮች ተመለከትሁ። በእያንዳንዱ ላይ በመልካም የእጅ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱና የፋይሉ ስም ሰፍሮበታል። ከካርቶኑ አጠገብ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ቆሟል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ይበራል፤ ዲስኩንም ያነባል። ሆኖም ያነበበውን በወረቀት የሚያወጣለት ፕሪንተር አልነበረውም። በቢሮው ያሉት አዳዲስ ፕሪንተሮች መሰኪያቸው ከእርሱ ጋራ አይገጥምም። መዝገብ ቤቱን የያዙት አዛውንት ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «ጽሑፉ አለ ልጄ፤ መውጫ ግን አጣ» አሉኝ።

እንግዲህ የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ መውጫ ነው። አሮጌ ኮምፒዩተሮች፣ ይልቁንም ከ1977 እስከ 1990 ገደማ በየሰው ቤት የገቡት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች፣ ከማተሚያ መኪና ጋራ በምን ብልሃት ይነጋገሩ እንደ ነበረ፤ ኋላም አዳዲሶቹ ፕሪንተሮች ለምን ቋንቋቸውን እንደ ተዉት፤ ዛሬስ ሁለቱን ለማስታረቅ ምን እንደሚደረግ በአጭሩ እንመለከታለን። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አድማጮች ልብ ይበሉልኝ።

ሁለት መኪናዎች ይግባቡ ዘንድ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛው ገመድና መሰኪያ ነው፤ ይህም እንደ ጆሮና እንደ አፍ የሚቆጠር ነው። ሁለተኛው ፊደል ነው፤ ማለት የትኛው ቁጥር ለየትኛው ፊደል እንደሚቆም የተደረገ ስምምነት ነው። ሦስተኛው የትእዛዝ ቋንቋ ነው፤ «ይህን አድምቀህ ጻፍ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ እለፍ» የሚባልበት ማለት ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ወረቀቱ ወይ ባዶ ይወጣል፣ ወይም ማንም በማያነበው ምልክት ተሞልቶ ይወጣል።

ከፊደሉ እንጀምር። በ1963 አሜሪካኖች አስኪ የተባለውን የቁጥር ፊደል አወጡ፤ በ1967ም አሻሻሉት። ይህ ፊደል 128 ቁጥሮች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ለላቲን ፊደላት፣ ለአኃዞችና ለሥርዓተ ነጥቦች ከተመደቡት በቀር የቀሩት ለትእዛዝ የተሰጡ ናቸው። ከትእዛዞቹ መካከል ሁለቱ ለታሪካችን ያስፈልጉናል። ቁጥር 13 «ወደ መሥመሩ መጀመሪያ ተመለስ» ይላል፤ ቁጥር 10 ደግሞ «ወረቀቱን አንድ መሥመር ከፍ አድርግ» ይላል። በጽሕፈት መኪና የሠራ ሰው ነገሩን ወዲያው ይረዳዋል። መኪናውን ወደ ቀኝ ገፍቶ መመለስ አንድ ሥራ ነው፤ ወረቀቱን ማንከባለል ሌላ ሥራ ነው። የቴሌፕሪንተር መሐንዲሶች ሁለቱን ሥራዎች ለያይተው ሁለት ቁጥር ሰጧቸው። ከዚህች ትንሽ ልዩነት ስንት ጣጣ እንደ ተወለደ ወደ ኋላ እናያለን።

ቀጥሎ ገመዱ መጣ። በ1970 ሴንትሮኒክስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ሞዴል 101 የሚባል ፕሪንተር ለገበያ አቀረበ። ይህ ፕሪንተር ፊደሉን እንደ ጽሕፈት መኪና በተቀረጸ ብረት ሳይሆን በቀጫጭን መርፌዎች ነጥብ በነጥብ እየወጋ የሚጽፍ ነበር። የኩባንያው መሪ ሮበርት ሃዋርድ ሲሆን፣ በሥራው ከእርሱ ጋራ የተባበረው የዋንግ ላቦራቶሪስ መሥራች ዶክተር አን ዋንግ ነበር። በዋንግ መጋዘን ውስጥ ለአንድ የሒሳብ መኪና ተገዝተው የተረፉ 20,000 ያህል ባለ 36 እግር መሰኪያዎች ተቀምጠው ነበር። ፕሪንተሩ መሰኪያ ሲያስፈልገው እነዚህ ተረፈ ዕቃዎች ተሰጡት። ዓለም በሙሉ ለሰላሳ ዓመት ያህል የተጠቀመበት የፕሪንተር መሰኪያ ቅርጽ ከመጋዘን ትራፊ የተገኘ መሆኑ ለንብረት ክፍል ሠራተኞች ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ወሬ ይመስለኛል።

የዚህ ገመድ አሠራር እንዲህ ነው። ስምንት ሽቦዎች በአንድ ጊዜ የአንድ ፊደል ቁጥር ይሸከማሉ። ከነዚህ ሌላ ሦስት ሽቦዎች ለመልእክት ልውውጥ ተመድበዋል። በመዝገብ ቤት መስኮት ደብዳቤ የሚያቀብል ተላላኪና የሚቀበል ጸሓፊ አስቡ። ተላላኪው ደብዳቤውን አቅርቦ መስኮቱን ያንኳኳል፤ ይህ «ውሰድ» የሚለው ሽቦ ነው። ጸሓፊው ሥራ ከበዛበት «ቆየኝ» ይላል፤ ይህ ሁለተኛው ሽቦ ነው። ተቀብሎ ሲያበቃ «ደርሶኛል» ይላል፤ ይህም ሦስተኛው ነው። ተላላኪው ይህን መልስ ሳይሰማ ሁለተኛውን ደብዳቤ አያቀርብም። ነገሩ እጅግ ቀላል ስለ ሆነ ማንኛውም ፋብሪካ ፈቃድ ሳያስጨንቀው ሊሠራው ቻለ። አይ ቢ ኤምም በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ሲያወጣ ይህንኑ ደንብ ያዘ፤ በኮምፒዩተሩ በኩል ግን ባለ 25 እግር ትንሽ መሰኪያ አደረገበት።

ይሁን እንጂ የቤት ኮምፒዩተሮች ሁሉ በአንድ ደንብ አልተስማሙም። ምክንያቱም ሁለት ነበር። አንደኛው የዋጋ ነገር ነው፤ ለቤተሰብ የሚሸጥ ዕቃ እያንዳንዱ መሰኪያ ገንዘብ ያስወጣዋል። ሁለተኛው የንግድ ብልጠት ነው፤ መሰኪያው ልዩ የሆነ እንደ ሆነ ገዢው ፕሪንተሩንም ከዚያው ኩባንያ ይገዛ ዘንድ ይገደዳል።

ኮሞዶር የተባለውን ኩባንያ ለምሳሌ እንውሰድ። መሥራቹ ጃክ ትራሚል በ1928 በፖላንድ ሎድዝ ከተማ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ከአውሽቪትዝ እልቂት ተርፎ አሜሪካ የገባና መጀመሪያ በጽሕፈት መኪና ጥገና የኖረ ሰው ነው። የኩባንያው የመጀመሪያ ንግድም የጽሕፈት መኪና ነበር። በ1977 ያወጣው ፔት የተባለው ኮምፒዩተር ለቤተ ሙከራ መሣሪያዎች የተሠራ መልካም መገናኛ ነበረው፤ ግን ገመዱ ውድ ነበር። ስለዚህ ቪክ-20ንና በ1982 የወጣውን ኮሞዶር 64ን ሲሠሩ ስምንቱን ሽቦ ትተው፣ ቁጥሩን አንድ በአንድ አከታትሎ የሚልክ ባለ 6 እግር ክብ መሰኪያ አደረጉላቸው። በዚህ መሥመር ላይ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር አለው፤ ፕሪንተሩ 4 ቁጥር፣ የዲስክ ማንበቢያው 8 ቁጥር ናቸው። ኮምፒዩተሩ «4 ቁጥር ስማ» ብሎ ሲጠራ ፕሪንተሩ ብቻ ጆሮውን ይሰጣል። ፊደሉም የተለየ ነበር፤ የትንንሽና የትልልቅ ፊደላት ቁጥር ከአስኪ ጋራ የማይገጥም ስለ ሆነ፣ በቀጥታ ለሌላ ፕሪንተር የተላከ እንደ ሆነ ትንንሾቹ ፊደላት ትልልቅ ሆነው ይወጣሉ፤ ትልልቆቹም መልካቸው ይለወጣል።

አታሪም በ1979 ለሸጣቸው ለ400ና ለ800 ኮምፒዩተሮቹ የራሱን መገናኛ አበጀ። አታሪዎች የመሥመርን መጨረሻ በ13 ፈንታ በ155 ቁጥር ስለሚያመለክቱ፣ የውጭ ፕሪንተር ሲሰካባቸው በመካከል የሚያስተረጉም ሣጥን ያስፈልግ ነበር። ይህን መገናኛ ካበጁት መሐንዲሶች አንዱ ጆ ዴኪር ከብዙ ዓመታት በኋላ በዩኤስቢ ሥራ ውስጥ መካፈሉ፣ የአሮጌውና የአዲሱ ዘመን ዝምድና ከምናስበው ይልቅ የቀረበ መሆኑን ያሳያል።

በእንግሊዝ አገር ደግሞ ሲንክሌር የተባለው ኩባንያ በ1981 ዜድኤክስ ፕሪንተር የተባለች ትንሽ መኪና በ49 ፓውንድ ከ95 ፔንስ አወጣ። ይህች መኪና ቀለም አልነበራትም። ወረቀቷ በስስ አልሙንየም የተለበጠ ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አልሙንየሙን እያቃጠለች ከሥር ያለውን ጥቁር ታሳይ ነበር። የወረቀቱ ስፋት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ በአንድ መሥመርም 32 ፊደል ይጻፍበታል። በዚያው ዓመት የወጣውና በእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች የተስፋፋው ቢቢሲ ማይክሮ ግን የሴንትሮኒክስን ደንብ አክብሮ የፕሪንተር መሰኪያ ይዞ መጣ። በ1984 የወጣው አምስትራድ ሲፒሲ 464ም ይህንኑ ደንብ ያዘ፤ ነገር ግን ወጪ ለመቆጠብ ከስምንቱ ሽቦዎች አንዱን ለማንኳኪያው ስላዋለው ለፊደል የቀሩት ሰባት ብቻ ሆኑ። ስለዚህ ከ127 የሚበልጥ ቁጥር መላክ አይችልም። ጽሑፍ ለማተም ሰባቱ ይበቃሉ፤ ሥዕል ለማተም ግን አንካሳ ያደርጉታል።

ሦስተኛው ነገር የትእዛዝ ቋንቋው ነው። በዚህ ረገድ ብዙውን ሥራ የሠራው የጃፓኑ ኤፕሰን ነው። በ1980 ያወጣው ኤምኤክስ-80 የተባለው ባለ 9 መርፌ ፕሪንተር በሰከንድ 80 ፊደል ይጽፍ ነበር፤ ዋጋውም ከቀደሙት የረከሰ በመሆኑ በብዙ አገር ተሸጠ። አይ ቢ ኤም እንኳ ለመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተር ያቀረበውን ፕሪንተር ከኤፕሰን አሠርቶ የራሱን ስም ለጠፈበት። የኤፕሰን ትእዛዝ በ27 ቁጥር ይጀምራል። ይህ ቁጥር «ቀጥሎ የሚመጣው ፊደል አይደለም፤ ትእዛዝ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። 27 ተልኮ 69 ቢከተለው ፕሪንተሩ አድምቆ መጻፍ ይጀምራል። ሌሎች ፋብሪካዎችም ይህንኑ ቋንቋ ለፕሪንተሮቻቸው አስተማሩ፤ በመጨረሻም ማንም በአዋጅ ሳያዝዝ የገበያው ሁሉ መግባቢያ ለመሆን በቃ።

በ1984 ሂውሌት ፓካርድ ሌዘርጄት የተባለውን የሌዘር ፕሪንተር ሲያወጣ የራሱን ቋንቋ ይዞ መጣ። እርሱም በ27 ቁጥር የሚጀምር ነው፤ ትርጉሙ ግን ይለያያል። ከላይ «አድምቅ» ያልነው የ27ና የ69 ትእዛዝ በሂውሌት ፓካርድ ቋንቋ «የነበርህበትን ሁሉ ርሳና እንደ አዲስ ጀምር» ማለት ነው። አንድ ቃል በአንዱ አገር ሰላምታ፣ በሌላው አገር ስድብ ሆኖ እንደሚገኝ ሁሉ፣ ለኤፕሰን የተጻፈ ደብዳቤ ለሌዘርጄት ሲላክ ሥራው የሚበላሸው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ያየናቸው ፕሪንተሮች ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ ነበራቸው። ፊደል በቁጥር ሲላክላቸው መልኩን ራሳቸው ያውቁታል፤ የ«ኤ»ን ቅርጽ ኮምፒዩተሩ አይነግራቸውም። በ1990ዎቹ ዓመታት ግን ነገሩ ተለወጠ። ኮምፒዩተሩ እጅግ ኃያል ስለ ሆነ፣ ፋብሪካዎች የፕሪንተሩን አእምሮ ቀንሰው ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ጀመሩ። እነዚህ ርካሽ ፕሪንተሮች ፊደል አያውቁም፤ ገጹን በሙሉ ኮምፒዩተሩ በነጥብ ሥሎ ሊልክላቸው ይገባል፤ የሚላክበትም አኳኋን ፋብሪካው በሚሰጠው ፕሮግራም ውስጥ የተሰወረ ነው። በ1996 ዩኤስቢ የተባለው አዲስ መገናኛ ታወጀ፤ በ1998 አፕል አይማክን ሲያወጣ አሮጌዎቹን መሰኪያዎች ትቶ ይህን ያዘ። ቀስ በቀስም ባለ 25 እግሩ መሰኪያ ከአዳዲስ ኮምፒዩተሮች ጀርባ ጠፋ።

አሮጌው ኮምፒዩተር ገጹን ራሱ ሥሎ ለመላክ የማይችልበትን ምክንያት በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። አንድ የኤ4 ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ሆኖ በጥቁርና በነጭ ቢሣል 8,700,000 ያህል ነጥቦች ይኖሩታል። ይህ በባይት ሲቆጠር 1,087,000 ያህል ነው። የኮሞዶር 64 ጠቅላላ የማስታወሻ ኃይል ግን 65,536 ባይት ብቻ ነው። አንዲቱ ገጽ የመኪናውን ማስታወሻ ከ16 እጥፍ በላይ ትበልጣለች ማለት ነው። ከዚህም ሌላ በዩኤስቢ ሥርዓት ሁልጊዜ አዛዡ ኮምፒዩተሩ ነው፤ የተሰካበትን ዕቃ ማንነቱን ጠይቆ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በየጊዜው ማነጋገር አለበት። አሮጌው መኪና ይህን ሥነ ሥርዓት ከቶ አልተማረም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በዓለም ዙሪያ አሮጌ ኮምፒዩተሮችን የሚንከባከቡ ሰዎች ያገኟቸው መንገዶች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው መንገድ አሮጌውን ቋንቋ ዛሬም የሚናገር ፕሪንተር መፈለግ ነው። ባለመርፌ ፕሪንተሮች ከዓለም አልጠፉም። በካርቦን የተነባበረ ቅጽ በአንድ ጊዜ ማተም የሚችሉ እነርሱ ብቻ ስለ ሆኑ በባንክና በመጋዘን ሥራ ላይ ይፈለጋሉ። እንደ ኤፕሰን ኤልኤክስ-350 ያሉት ባለ 36 እግሩን አሮጌ መሰኪያ፣ ተከታታይ መገናኛውንና ዩኤስቢን ሦስቱንም አንድ ላይ ይዘዋል። ለእንዲህ ያለው ፕሪንተር ትክክለኛው ገመድ ብቻ ይበቃዋል።

ሁለተኛው መንገድ የቢሮ ሌዘር ፕሪንተር ነው። በትልልቅ ቢሮዎች የሚሠራባቸው ብዙዎቹ ሌዘር ፕሪንተሮች የሂውሌት ፓካርድን ቋንቋ እስከ ዛሬ ይረዳሉ፤ ተራ ጽሑፍም ይቀበላሉ። በኔትወርክ የተገናኙት አብዛኛውን ጊዜ 9100 በተባለው በር የመጣላቸውን ጽሑፍ ሳይመረምሩ ያትማሉ። ስለዚህ አሮጌው ኮምፒዩተር የኔትወርክ ካርድ ያገኘ እንደ ሆነ በቀጥታ ሊያነጋግራቸው ይችላል። ልብ ማለት የሚገባው ግን ባለመርፌው ፕሪንተር መሥመር በመሥመር ወዲያው ሲያትም፣ ሌዘሩ ገጹ እስኪሞላ የሚጠብቅ መሆኑን ነው። ገጹ ያልሞላ እንደ ሆነ በመጨረሻ 12 ቁጥር፣ ማለት «ገጹን አውጣ» የሚለው ትእዛዝ፣ ሊላክለት ያስፈልጋል። ይህን የማያውቅ ሰው ፕሪንተሩ ተበላሸ ብሎ ይፈርድበታል።

ሦስተኛው መንገድ በመካከል አስተርጓሚ ማቆም ነው። በ2012 በእንግሊዝ አገር ራስፕቤሪ ፓይ የተባለ፣ ከመዳፍ የማይበልጥ ርካሽ ኮምፒዩተር ወጣ። ይህችን ትንሽ መኪና በአሮጌው ገመድ ጫፍ ላይ አስቀምጦ ፕሪንተር ነኝ እንድትል ማድረግ ይቻላል። አሮጌው ኮምፒዩተር ሲያንኳኳ «ቆየኝ»፣ «ደርሶኛል» እያለች ትቀበለዋለች፤ የኤፕሰንን ትእዛዞች ፈትታ ገጹን ትሥላለች፤ ከዚያም በፒዲኤፍ ታስቀምጠዋለች ወይም ለአዲሱ ፕሪንተር በዩኤስቢ ወይም በዋይፋይ ታስተላልፈዋለች። ለአታሪ ኮምፒዩተሮች የተሠራው ፉጂኔት የተባለው መሣሪያም በኩባንያው የራሱ መሰኪያ ላይ ገብቶ የአታሪን ፕሪንተሮች እየመሰለ ይህንኑ ያደርጋል። አሮጌው መኪና ዘመን መለወጡን ሳያውቅ ሥራውን ይሠራል።

አራተኛው መንገድ በየሱቁ ደረሰኝ የሚያወጣው ትንሽ የሙቀት ፕሪንተር ነው። የዚህ ዓይነት ብዙ ፕሪንተሮች የሚታዘዙት ከኤፕሰን ቋንቋ በተወለደ ቋንቋ ነው፤ 27 ቁጥርንም ያውቃሉ። አንዳንዶቹ ተከታታይ መገናኛ አላቸው። ስለዚህ ሱቅ ደረሰኝ የሚቆርጥልን መኪና የ1980ዎቹ ኮምፒዩተር የጻፈውን ፕሮግራም በጠባብ ወረቀት ሊያትም ይችላል።

ከነዚህ መንገዶች ማንኛውንም የሚሞክር ሰው ሦስት ማስጠንቀቂያዎችን ይስማ። አንደኛ፣ በገበያ የሚሸጠው ከዩኤስቢ ወደ 36 እግር የሚያገናኝ ገመድ የተሠራው አዲስ ኮምፒዩተርን ከአሮጌ ፕሪንተር ጋራ ለማገናኘት ነው፤ አሮጌ ኮምፒዩተርን ከአዲስ ፕሪንተር ጋራ አያገናኝም። ሁለቱም ጫፍ ገጠመ ተብሎ የተገዛ ብዙ ገመድ በከንቱ ቀርቷል። ሁለተኛ፣ የኤሌክትሪኩ ኃይል መመጣጠን አለበት። አሮጌዎቹ ኮምፒዩተሮች በ5 ቮልት ሲሠሩ፣ የራስፕቤሪ ፓይ እግሮች የሚችሉት 3.3 ቮልት ነው፤ አንዳንዱ ተከታታይ መገናኛ ደግሞ ከ10 ቮልት በላይ ይልካል። ማመጣጠኛ ሳያደርጉ ማገናኘት መኪናውን ያቃጥላል። ገመድ ሲሰካም ሆነ ሲነቀል ሁለቱም መኪናዎች ይጥፉ። ሦስተኛ፣ ቀደም ብለን ያነሣናቸው 13ና 10 ይታሰቡ። ኮምፒዩተሩም ፕሪንተሩም ወረቀቱን የሚያንከባልሉ ከሆነ በየመሥመሩ መካከል ባዶ መሥመር ይገባል፤ ሁለቱም የማያንከባልሉ ከሆነ መሥመሩ ሁሉ በአንድ ላይ ተደራርቦ ይጠቁራል። በአሮጌዎቹ ፕሪንተሮች ይህን የምታስተካክል ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነበረች።

የራሳችን ፊደል በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን ዕድል ገጠመው የሚል አድማጭ ይኖር ይሆናል። የአስኪ 128 ቁጥሮች ከሁለት መቶ በላይ ለሆኑት ፊደሎቻችን ቦታ አልነበራቸውም። በፕሪንተሩም ውስጥ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ስላልነበረ፣ አማርኛ ለማተም የሚቻለው እያንዳንዱን ፊደል እንደ ሥዕል በነጥብ እየሣሉ በመላክ ነበር። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ መዝገብ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተጻፈ አማርኛ የሚነበበው የጻፈው ፕሮግራም እስካለ ብቻ ነው፤ ፕሮግራሙ የጠፋ እንደ ሆነ ዲስኩ ቢነበብም ቁጥሩ ትርጉም የለውም። በወረቀት የታተመው ግን ለማንም ይነበባል። ስለዚህ የአሮጌውን መኪና የማተሚያ በር መክፈት ለእኛ ከሌሎች ይልቅ ይጠቅመናል።

ምናልባት «ይህ ሁሉ ድካም ለአሮጌ መጫወቻ ነው ወይ?» የሚል ይኖራል። አይደለም። በቤት ኮምፒዩተሮች ብዙ ሰዎች ደብዳቤ ጽፈዋል፤ የትምህርት ድርሰት አዘጋጅተዋል፤ የቤትና የሱቅ ሒሳብ ይዘዋል። በካሴትና በፍሎፒ ዲስክ ላይ ያለው ማግኔት በየዓመቱ ይደክማል። እንዲሁም በ1980ዎቹ የተሠሩ የቤተ ሙከራና የፋብሪካ መለኪያዎች ውጤታቸውን የሚሰጡት በፕሪንተር መሰኪያቸው በኩል ብቻ የሆኑ አሉ። መለኪያው ደኅና ሆኖ ፕሪንተሩ ስለ ሞተ ብቻ ከመጣል የሚያድናቸው ከላይ የገለጽነው አስተርጓሚ ነው።

ወደ መጋዘኑ ልመለስ። አዛውንቱ ከነገሩኝ በኋላ ነገሩ አላስተኛኝም። የዚያ ኮምፒዩተር መሰኪያ ባለ 25 እግሩ ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ በሌላ ክፍል ቅጽ ሲያትም የኖረ ባለመርፌ ፕሪንተር ከነገመዱ ተገኘ። የመጀመሪያው ገጽ ሲታተም መሥመሩ ሁሉ በአንድ ቦታ ተደራርቦ ወረቀቱ እስኪቀደድ ድረስ ጠቆረ፤ አንዱ ወጣት ሠራተኛ «አለቀ፣ ተበላሽቷል» ብሎ ሊያጠፋው እጁን ዘረጋ። የ13ና የ10ን ነገር አንብቤ ስለ ነበር ከፕሪንተሩ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ፈልገን ገለበጥናት። ከዚያ በኋላ የንብረትና የደመወዝ ሰንጠረዡ መሥመር በመሥመር ወጣ። ሽማግሌው በቆሙበት ከወረቀቱ ላይ ስም እያነበቡ፣ «ይህ ሞቷል፤ ይህ ጡረታ ወጥቷል፤ ይህችስ የአገልግሎት ዘመኗን የሚመሰክር ወረቀት አጥታ ስትመላለስ የከረመች ናት» ይሉ ነበር። ከዲስኮቹ ግን ሲሦ ያህሉ ከቶ አልተነበቡም። በእነርሱ ላይ የነበረው ስም የማን እንደ ሆነ ከእንግዲህ አይታወቅም።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ የምንወስደው ትምህርት ሁለት ነው። አሮጌው ገመድና አሮጌው ቋንቋ እስከ ዛሬ አስተርጓሚ ሊገኝላቸው የቻለው ደንባቸው በግልጽ ተጽፎ ማንም ሊያነበው ስለሚችል ነው። ደንባቸውን የሰወሩት መኪናዎች ግን ፋብሪካው ፊቱን ሲያዞርባቸው ዲዳ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ ለመሥሪያ ቤት ዕቃ የሚገዛ ሰው ከዋጋውና ከፍጥነቱ ጋራ «ቋንቋው የተገለጸ ነው ወይ? ከ20 ዓመት በኋላስ ሌላ መኪና ሊረዳው ይችላል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ሁለተኛም፣ በመጋዘናችሁ ካርቶን ያለ እንደ ሆነ ለነገ አትበሉ፤ መኪናው ሳይሞትና ዲስኩ ሳይደክም የተጻፈውን አውጡት። ሲሦው እንዳለፈው ሁሉ የቀረውም እንዳያልፍ ጊዜው አሁን ነው።